የተወካያችን የካርቶን ቼክ፦ ጉርሻ ነው ወይስ ሌብነት?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ሳምንት የኮንግረስ ተወካያችን አንድ ትልቅ የካርቶን ቼክ ይዞ መጥቶ ከከንቲባው ጋር ፎቶ ተነሣ። ለሰፈራችን የወጣቶች ማዕከል 1 ሚሊዮን ዶላር አምጥቷል ተባለ። ደስ ብሎኝ ፎቶውን ለጓደኞቼ ላክሁት። አንዱ ‘ይሄ እኮ ፖርክ ነው፤ በሕግ የተፈቀደ ሌብነት’ ብሎ መለሰልኝ። ፖርክ ምንድነው? እውነት ሌብነት ነው? ታግዶ አልነበረም እንዴ? ለምርጫው ሲሆንስ እንዴት ልቁጠረው?»

መልስ፦

ጓደኛዎ ግማሽ እውነት ይዟል። የትኛው ግማሽ እንደሆነ ለማሳየት ግን ትንሽ መንገድ መሄድ አለብን። እኔ የመንግሥት በጀት እያነበብኩ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። እዚሁ አሜሪካ ለከተማና ለካውንቲ አስተዳደሮች በጀት ስሠራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። እንዲህ ባለው የካርቶን ቼክ ሥነ ሥርዓት ላይም ከካሜራው ጀርባ ቆሜ አውቃለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

በስሙ እንጀምር። ፖርክ ባረል ማለት የአሳማ ሥጋ በርሜል ነው። ለእኛ ሰው ገና ከስሙ ይጎረብጣል። ታሪኩ ግን ተራ ነው። ፍሪጅ ባልነበረበት ዘመን የአሜሪካ ገበሬ የአሳማ ሥጋውን በጨው አሽቶ በርሜል ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። በርሜሉ ሙሉ ከሆነ ክረምቱ አያስፈራም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ ቃሉ ዋሽንግተን ገባ። በርሜሉ የመንግሥት ካዝና ሆነ። እጃቸውን እየሰደዱ ለየሰፈራቸው ቁራጭ የሚያወጡት ደግሞ የምክር ቤት አባላቱ። በአማርኛ «የበጀት ጉርሻ» ቢሉት አልጣላዎትም። ጉርሻ ማዕድ ላይ ፍቅር ነው፤ ሬስቶራንት ውስጥ ደግሞ ቲፕ ነው። ፖርክም ሁለቱንም ነው።

ሌላው የሚሰሙት ቃል ኢርማርክ ነው። የመጣው የከብት ጆሮ ላይ ምልክት ከማድረግ ነው፤ የትኛው በሬ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ። በበጀት ሕግ ውስጥ «ይሄ ገንዘብ ለዚህ ተቀባይ፣ ለዚህ ሥራ፣ እዚህ ቦታ» ብሎ ስም ጠርቶ የሚመድብ መስመር ማለት ነው። ኢርማርክ ባይኖር ኮንግረሱ ጠቅላላውን ገንዘብ ለመሥሪያ ቤቱ ይሰጣል፤ መሥሪያ ቤቱ በመስፈርት ወይም በውድድር ያከፋፍላል። በኢርማርክ ግን አባሉ ራሱ ይመርጣል። ሁለቱን ቃላት ሰው እያደባለቀ ይጠቀምባቸዋል። እኔ እለያቸዋለሁ። ኢርማርክ የአሠራሩ ስም ነው። ፖርክ ደግሞ ወረፋ ጥሶ የገባ ገንዘብ ነው። ኢርማርክ ሆኖ ፖርክ ያልሆነ አለ፤ ኢርማርክ ሳይሆን ፖርክ የሆነም ሞልቷል። ሁለቱንም አሳይዎታለሁ።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደማይጠፋ። ቅርጫን ያስቡ። ለፋሲካ አሥር ጎረቤት እኩል አዋጥቶ በሬ ይገዛል። ሥጋው በመደብ በመደብ ይደረደራል። ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ቢላዋ የያዘው ሰው የትኛው መደብ እንደሚደርሰው አያውቅም። ስለዚህ ሻኛውንም፣ ሽንጡንም፣ ጎድኑንም ለሁሉም ያዳርሳል። ብልሃቱ ያለው ዕጣው ላይ ነው። አሁን ዕጣውን እናንሣው። ቢላዋ የያዘው መጀመሪያ ለራሱ ይምረጥ፣ ቀጥሎ አጠገቡ ለቆመው ይስጥ እንበል። ያዋጣነው እኩል ነው፤ የምንወስደው ግን ለቢላዋው ባለን ቅርበት ልክ ይሆናል። ዋሽንግተን ማለት ይሄ ነው። ቢላዋው ያለው በጀት በሚያጸድቁት ኮሚቴዎች እጅ ነው።

የዌስት ቨርጂኒያው ሴናተር ሮበርት በርድ ይሄንን ቢላዋ ለዓመታት ይዘው ኖረዋል። ዛሬ በዚያ ግዛት ሲነዱ ስማቸው የሌለበት ነገር ማግኘት ያስቸግራል። መንገዱ በስማቸው ነው። ሰማይ የሚያዳምጠው ግዙፉ የግሪን ባንክ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ እንኳ በስማቸው ነው። የኤፍቢአይ የጣት አሻራ ማዕከልም ከዋና ከተማዋ ተነሥቶ ክላርክስበርግ ወደምትባል ትንሽ የዌስት ቨርጂኒያ ከተማ ሄዷል። በቅርቡ ደግሞ የአላባማው ሪቻርድ ሸልቢ አሉ። የሴኔቱ የበጀት ኮሚቴ ትልቅ ሰው ነበሩ። ጡረታ ሊወጡ ሲሉ በ2023 በጀት ብቻ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኢርማርክ ለግዛታቸው አስገብተው ወጡ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን ትዝ ቢልዎት አይገርመኝም። እዚህ ግን ነገሩ ትንሽ ዞር ይላል። ሰውየው በራሱ አፍ አይበላም። መራጩን ያጎርሳል።

ሒሳቡን ደግሞ ይመልከቱት። በተወካዮች ምክር ቤት 435 ወረዳዎች አሉ። ግብሩን ሁሉም እኩል ይከፍላሉ ብለን ብናቀልለው፣ ለሰፈርዎ ከመጣው 1 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ ከእርስዎ ወረዳ ኪስ የወጣው 2,300 ዶላር ገደማ ነው። የቀረውን 434ቱ ወረዳዎች ከፍለውልዎታል። ታዲያ ማን እምቢ ይላል? ጣጣው፣ የቀሩት 434 ተወካዮችም ይሄንኑ ሒሳብ ማወቃቸው ነው። የአንተን ማዕከል እደግፋለሁ፤ አንተ ደግሞ የእኔን ወደብ ደግፍልኝ። እከክልኝ ልከክልህ።

ይሄ የዛሬ ነገር አይደለም። በ1882 ኮንግረሱ ለወንዞችና ለወደቦች ማሻሻያ ወደ 19 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሕግ አውጥቶ ነበር። ፕሬዚዳንት ቼስተር አርተር አልፈርምም አሉ። ምክንያታቸው ዛሬም ይሠራል። የአንዱ ግዛት ሰው ከጋራ ግብር ሌላው ሲጠቀም ያያል፤ «ለእኔስ?» ይላል፤ ለእሱም ይጨመርለታል፤ ሕጉ እየከፋ በሄደ ቁጥር ደጋፊው እየበዛ ይሄዳል። ልክ ነበሩ። ኮንግረሱ በማግስቱ ውሳኔያቸውን ሽሮ ሕጉን አጸደቀው።

አሁን ወደ ሌብነቱ። በዚህ መንገድ የሰረቀ አለ። የካሊፎርኒያው ራንዲ ከኒንግሃም በቬትናም ጦርነት ስም ያወጣ ተዋጊ አብራሪ ነበር፤ በኋላ የሳንዲዬጎ አካባቢ የኮንግረስ አባል ሆነ። ለመከላከያ ኮንትራክተሮች የበጀት መስመር ያስገባ ነበር፤ በምትኩ ጉቦ ይቀበላል። ዓቃቤ ሕግ ያወጣው ማስረጃ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ናት። የኮንግረስ ማኅተም ባለበት የራሱ ወረቀት ላይ በእጁ የጻፋት የዋጋ ዝርዝር። በግራ በኩል የኮንትራቱ መጠን በሚሊዮን፣ በቀኝ በኩል የጉቦው መጠን በሺህ። ለመጀመሪያው 16 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት አንድ ጀልባ፣ 140 ሺህ ዶላር የሚያወጣ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሚሊዮን 50 ሺህ ዶላር። ከ20 ሚሊዮን ካለፈ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሚሊዮን 25 ሺህ ብቻ። በጅምላ ለገዛ ቅናሽ አለ ማለት ነው። መርካቶ እንኳ እንዲህ በግልጽ አይለጠፍም። በኅዳር 2005 ቢያንስ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ጉቦ መቀበሉን አመነ። በተከታዩ መጋቢት 8 ዓመት ከ4 ወር ተፈረደበት። በ2021 መጀመሪያ ላይ ትራምፕ ምሕረት አድርገውለታል።

እንዲህ ያለው ግን ጥቂት ነው። ጓደኛዎ «ሌብነት» ሲል ብዙውን ነገር ያሳንሰዋል ባይ ነኝ። ሌባ ሲያዝ ይታሰራል፣ ነገሩ ያልቃል። ከባዱ ማንም ሳይሰርቅ፣ ሁሉም በሕግ ሠርቶ፣ ገንዘቡ ግን የማይሆን ቦታ ሲሄድ ነው። ለዚህ ከአላስካው ድልድይ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በ2005 የወጣው የአውራ ጎዳና ሕግ 286 ቢሊዮን ዶላር የያዘ ነበር። ውስጡ ከ6,000 በላይ ኢርማርኮች ተሰግስገዋል። እነዚህ ቁጥሮች እንዴት እንዳደጉ ያስደነግጣል። በ1982ቱ የመንገድ ሕግ 10 ብቻ ነበሩ። በ1987 ወደ 150 ሲደርሱ ፕሬዚዳንት ሬገን አልፈርምም ብለው፣ ሴኔቱ በ67 ለ 33 ውሳኔያቸውን ሽሮታል። አንድ ድምፅ ቢጎድል ውሳኔያቸው አይሻርም ነበር። በ1998 ከ1,800 አለፉ። ከዚያ ይሄኛው መጣ። የትራንስፖርት ኮሚቴው ሊቀመንበር የአላስካው ዶን ያንግ ነበሩ። የሕጉ ምሕጻረ ቃል መጨረሻው «ሉ» ነው፤ ሉ የባለቤታቸው ስም ነው። ከዚህ በላይ ቢላዋ መያዝ ምን አለ?

በሕጉ ውስጥ 223 ሚሊዮን ዶላር ኬቺካን የምትባል ከተማን ከግራቪና ደሴት ጋር ለሚያገናኝ ድልድይ ተመደበ። ሌላ 229 ሚሊዮን ዶላር ደግሞ አንኮሬጅ አጠገብ ለሚሠራ ድልድይ። የዚያኛው ስም ሕጉ ላይ «የዶን ያንግ መንገድ» ተብሎ ተጽፏል። ግራቪና ላይ የሚኖረው ሰው 50 ያህል ብቻ ነው። ጋዜጦቹ «የትም የማያደርስ ድልድይ» አሉት፤ ስሙ ጸና።

እዚህ ላይ ለኬቺካን ሰዎች ልከራከርላቸው። የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ደሴቱ ላይ ነው። ለመብረር የፈለገ ሰው ሻንጣውን ይዞ ጀልባ ጠብቆ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ነው የሚሄደው። ኬቺካን ደግሞ ዝናብ የማያጣት ከተማ ናት። ስለዚህ «ለ50 ሰው የሚሠራ ድልድይ» የሚለው ቀልድ ለሳቅ እንጂ ለፍርድ አይሆንም። ድልድዩ ለከተማው ሁሉ ይጠቅም ነበር። እኔ በስሙ ስቄ አላልፍም። የምጠይቀው ወረፋውን ነው። ከእሱ በፊት ማን ቆሞ ነበር?

መልሱ በዚያው ዓመት መጣ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን አጠፋት። በፖንቻርትሬን ሐይቅ ላይ የሚያልፈው መንታ ድልድይ ብሎኩ እየተነሣ ውኃ ውስጥ ገባ። በጥቅምት የኦክላሆማው ሴናተር ቶም ኮበርን አንድ ማሻሻያ አቀረቡ። የአላስካውን ድልድዮች ገንዘብ ወደ ሉዊዚያናው ድልድይ እናዙረው የሚል። የአላስካው ሴናተር ቴድ ስቲቨንስ ተነሥተው ጮኹ። ይሄ ከሆነ ከሴኔቱ እለቃለሁ አሉ። ድምፅ ተሰጠ። 82 ለ 15 ማሻሻያው ወደቀ።

ይሄንን ቁጥር ደግመው ያንብቡት። ሪፐብሊካኑም ዴሞክራቱም አብሮ ነው የቆመው። 82ቱ ሁሉ አላስካን ወድደው አይደለም። የአንዱ ድልድይ ከተነካ ነገ የእኔም ይነካል ብለው ነው።

ወሬው ሲበዛ ኮንግረሱ በዚያው ኅዳር «ለዚህ ድልድይ» የሚለውን ቃል ሰረዘ። ገንዘቡን ግን ለአላስካ ተወው። በ2007 አገረ ገዥዋ ሳራ ፔሊን ድልድዩን ሰረዙት። ደሴቱ ላይ ወደ ድልድዩ የሚያደርሰው መንገድ ግን ተሠርቶ አለቀ። 5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ 26 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት። ድልድዩ ይቆማል ተብሎ ወደነበረበት ዳርቻ ይወስድዎታል። እዚያ ሲደርሱ መኪናዎን አዙረው ይመለሳሉ።

ከእንዲህ ያለው ነገር በኋላ፣ በ2011 መጀመሪያ ላይ ኢርማርክ ታገደ። እርስዎ የሰሙት ይሄንን ነው። ኦባማም ኢርማርክ ያለበት ሕግ ከመጣ አልፈርምም ብለው በአደባባይ ተናገሩ። እገዳው 10 ዓመት ቆየ። ታዲያ ፖርክ ጠፋ?

አልጠፋም። በ2012 የምድር ጦሩ ዋና አዛዥ ጄኔራል ሬይ ኦዲየርኖ ኮንግረስ ቀርበው ተጨማሪ የኤብራምስ ታንክ ማደስ አንፈልግም፣ ገንዘቡን ለሌላ ብናደርገው ይሻለናል አሉ። ጦሩ ወደ 2,400 የሚጠጉ ታንኮች ነበሩት፤ አማካይ ዕድሜያቸው 3 ዓመት አይሞላም። ኮንግረሱ ግን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ጨመረላቸው። ታንኩ የሚሠራው ላይማ፣ ኦሃዮ ነው። ፋብሪካው ከቆመ የሠለጠነው ሠራተኛ ይበተናል፣ መልሶ መሰብሰቡ ይከብዳል የሚል ክርክር ነበራቸው። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ግን ጦሩ ራሱ አልፈልግም ያለውን ዕቃ በግድ ማሸከም ወረፋ መጣስ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ልብ ይበሉ፣ በሕጉ ላይ «ለላይማ» የሚል መስመር የለም። ታንክ ብቻ ነው የሚለው። ታንክ ደግሞ ሌላ ቦታ አይሠራም። ኢርማርክ የሌለው ፖርክ ይሄ ነው።

በእገዳው ዘመን ሌላም ነገር ታየ። አባላቱ ወደ መሥሪያ ቤቶች መደወልና ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። ድሮ ሕግ ላይ ተጽፎ እናየው የነበረው ልመና ወደ ስልክ ገባ። ለእኔ እንደ በጀት አንባቢ ይሄ የባሰ ነው። የተጻፈን ነገር እከታተላለሁ። ስልክ ግን ምን አድርጌ አነባለሁ?

ደግሞም አገሩ ገንዘብ ቆጠበ የሚለው ብዙም አያስኬድም። ኢርማርክ አብዛኛውን ጊዜ ጠቅላላውን በጀት አይጨምርም። ጣሪያው ከተወሰነ በኋላ ከውስጡ የሚቆረስ ነው። የእርስዎ 1 ሚሊዮን ቢሰረዝ ወደ ግብር ከፋዩ አይመለስም። መሥሪያ ቤቱ ለሌላ ሰፈር ይሰጠዋል። በ2024 በጀት ኢርማርኮች ተደምረው 14.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበሩ። የፌዴራል መንግሥቱ ጠቅላላ ወጪ ደግሞ ከ6.7 ትሪሊዮን በላይ። ከ1,000 ዶላር 2 ዶላር ከምናምን ሳንቲም ማለት ነው። ዕዳው የሚመጣው ከጡረታው፣ ከሕክምናው፣ ከመከላከያውና ከወለዱ ነው። ፖርክን አጥፍተን ዕዳ እንከፍላለን የሚል ፖለቲከኛ ካጋጠመዎት፣ ሒሳቡን ያውቀዋል፤ እርስዎ እንደማያውቁት ተማምኖ ነው።

በ2021 ኢርማርክ በአዲስ ስም ተመለሰ። ተወካዮቹ ጋ «የማኅበረሰብ ፕሮጀክት ድጋፍ»፣ ሴኔቱ ጋ «በኮንግረስ የተመራ ወጪ» ይሉታል። ስሙን ቢያሽሞነሙኑትም ደንቡ በእርግጥ ተሻሽሏል። አባሉ የጠየቀውን ሁሉ ድረ ገጹ ላይ ማውጣት አለበት። እሱም ቤተሰቡም ከገንዘቡ እንደማይጠቀሙ ፈርሞ ያረጋግጣል። ለትርፍ ለሚሠራ ድርጅት መስጠት አይቻልም። ጠቅላላውም ኮንግረሱ በየዓመቱ ከሚመድበው በጀት 1 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቧል። የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤትም ይከታተለዋል። ከኒንግሃም በዚህ ደንብ ቢሠራ ጀልባውን ማግኘት ይከብደው ነበር።

ደንብ ከሌለ ምን እንደሚሆን ማየት ለፈለገ ፊሊፒንስ አለች። እዚያ ለእያንዳንዱ ሴናተር በዓመት 200 ሚሊዮን ፔሶ፣ ለእያንዳንዱ ተወካይ 70 ሚሊዮን ፔሶ በደፈናው ይሰጥ ነበር። በ2013 ገንዘቡ በስም ብቻ በነበሩ የእርዳታ ድርጅቶች በኩል ወደ ግል ኪስ ሲገባ እንደነበር ተጋለጠ። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። በዚያው ዓመት ኅዳር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አሠራሩን ሕገ መንግሥት የጣሰ ነው ብሎ አፈረሰው። ለጓደኛዎ «ሌብነት» የሚለው ቃል እዚያ በደንብ ይገጥማል።

አሁን ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልንገርዎትና ወደ እርስዎ ማዕከል እንሂድ። ከእገዳው በፊት አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ በጀት እሠራ ነበር። የሚሠሩ ነገሮች ዝርዝር ነበረን፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ። አንደኛው የጎርፍ መውረጃ ቱቦ ነበር። አንድ መንገድ ላይ ዝናብ በጣለ ቁጥር የሰው ቤዝመንት ይሞላል። አንዲት አሮጊት በዘነበ ማግስት ስልክ ትደውልልኝ ነበር፤ አትቆጣም፣ ስንት ኢንች እንደገባ ብቻ ትነግረኛለች። አዲስ የአውቶቡስ ጣቢያ ዝርዝሩ ላይ ዘጠነኛ ነበር። አንድ ቀን ተወካያችን ለጣቢያው 1.6 ሚሊዮን ዶላር አመጡልን። ጭብጨባ ሆነ። የፌዴራሉ ገንዘብ 80 በመቶ ነው፤ 20 በመቶውን ከተማው ይጨምራል። 400 ሺህ ዶላር ከየት እናምጣ? ያለን ጥሬ ገንዘብ ለቱቦው ያጠራቀምነው ነበር። ዘጠነኛው አንደኛውን በላው። ለምን ቱቦውን አልጠየቁልንም ብዬ አለቃዬን ጠየቅሁት። «መሬት ውስጥ ገብቶ ሪባን የሚቆርጥ ፖለቲከኛ አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ። አሮጊቷ በዚያ ክረምትም ደወለች።

ማንም አልሰረቀም። ጣቢያው ቆንጆ ነበር። ፖርክ ስል ይሄንን ነው የምለው።

እንግዲህ የእርስዎ የወጣቶች ማዕከል። መጀመሪያ ቼኩ። የካርቶን ቼክ ባንክ አይገባም። ፎቶው የተነሣው አባሉ ሲጠይቅ ነው? ኮሚቴው ሲያሳልፈው ነው? ወይስ ሕጉ ተፈርሞ? ልዩነቱ ሰፊ ነው። በመጋቢት 2025 ኮንግረሱ የዓመቱን በጀት በአንድ ጊዜያዊ ሕግ ሲያሳልፈው በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮጀክቶች በአንድ ቀን ከወረቀቱ ወጡ። ብዙ ከተሞች አስቀድመው ደስታቸውን ገልጸው ነበር። ሕግ ከሆነ በኋላም ቢሆን ገንዘቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሥራው ተሠርቶ ደረሰኝ ሲቀርብ ነው።

ቀጥሎ ተቀባዩን ይዩ። ሕጉ ላይ አባሪ የሆነ ረጅም ሠንጠረዥ አለ። የተቀባዩ ስም፣ ቦታው፣ መጠኑ፣ የጠየቀው አባል ስም ጎን ለጎን ተደርድሯል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩት የስልክ ማውጫ ይመስላል፤ የከተማዎን ስም ብቻ ይፈልጉ። ተቀባዩ ከተማው ነው ወይስ ማኅበር? ይሄንን የምልዎት በተለይ ለእኛ የኮሚኒቲ ማኅበራት ስለሚነካ ነው። በ2024 የተወካዮቹ የበጀት ኮሚቴ ሊቀመንበር ቶም ኮል ለማኅበረሰብ ሕንፃዎች በሚሰጠው ዋናው የበጀት መስመር ላይ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች እንዳይጠይቁ አደረጉ። ስለዚህ «ኮንግረስማኑ ለማኅበራችን አዳራሽ ያመጣልናል» ብለው የሚጠብቁ ሰዎች ካሉ፣ በዚያ በር ላም አለኝ በሰማይ ነው። በሴኔቱ በኩል ወይም ከከተማው ጋር ተጣምሮ መሞከር ይሻላል።

ከዚያ ወረፋው። ካውንቲውም ከተማውም የዋና ዋና ግንባታዎች ዕቅድ አላቸው፤ ለሕዝብ ክፍት ነው። የወጣቶች ማዕከሉ እዚያ ላይ ነበረ? ስንተኛ? ከበፊቱ የነበረና ለዓመታት ሲንከባለል የቆየ ከሆነ፣ ተወካይዎ ሥራውን ሠርቷል። ለጓደኛዎም በልበ ሙሉነት ይንገሩት። ቼኩ የመጣ ለት ነው ስሙ የተሰማው ከሆነ ግን፣ ማን ከኋላ እንደቀረ ይጠይቁ። አንድ ነገር ደግሞ አይርሱ። ሕንፃ ለማቆም ገንዘብ የሚሰጥ ሞልቷል። ለመብራቱ፣ ለማሞቂያው፣ ለአሠልጣኞቹ ደመወዝ በየዓመቱ የሚከፍለው ማነው? ከተማው ከሆነ፣ የትኛውን መስመር ቀንሶ?

ለምርጫው ደግሞ፣ እኔ በቼክ ብዛት ሰው አልመርጥም፤ ቼክ ስላመጣም አልጠላውም። የማየው አንድ ነገር አለ። ያንን ማዕከል ለማስገባት የደገፈው ትልቁ ሕግ ምን ነበር? ሳይስማማበት ነው እጁን ያወጣው? 1 ሚሊዮን አምጥቶልኝ በምትኩ እኔ የማልፈልገውን ነገር አጽድቆ ከሆነ ዋጋው ውድ ነው።

ይሄንን የሚቀጥለው የሰፈር ስብሰባ ላይ ይጠይቁት። ተወካዩ ራሱ አይመልስልዎትም፤ ፈገግ ብሎ ወደ ረዳቱ ያዞርዎታል። ረዳቷ ማስታወሻ ደብተር አውጥታ ጥያቄዎን ከጻፈች ጥሩ ነው። ካርዷን ብቻ ሰጥታ ካለፈችም ካርዱን አይጣሉት። በማግስቱ ጠዋት ይደውሉላት።